ጥርስ ያወጣ ጠርዝ

በ1957 ዋሽንግተን ውስጥ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የሚሠራው ራስል ኪርሽ የሦስት ወር ልጁን ፎቶግራፍ ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ጠቀለለ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት መሣሪያ ከበሮውን እያሽከረከረ ፎቶውን ነጥብ በነጥብ ያነባል፤ ያረፈበት ቦታ ጨለም ካለ ጥቁር፣ ፈካ ካለ ነጭ ብሎ ይመዘግባል። በመሃል ሌላ ቀለም የለም። ግራጫ ለማግኘት ያንኑ ፎቶ የብርሃኑን ወሰን እየቀያየሩ ደጋግመው አንብበው ንባቦቹን መደራረብ ነበረባቸው። በመጨረሻ በቁመት 176፣ በወርድም 176 ነጥቦች ያሉት የሕፃኑ ዋልደን ፊት ወጣ። 31 ሺህ ገደማ ጥቃቅን ካሬዎች መሆናቸው ነው። ኮምፒውተር ያነበበው የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ይህ ነበር።

ነጥቦቹን ካሬ ያደረገ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ካሬ ለስሌት ይቀላል፤ ሲያክ የሚባለው የቢሮው ኮምፒውተርም ከዚያ የበለጠ ጭነት አይችልም ነበር። መዘዙ ግን እዚያው ታየ። የሕፃኑ ጉንጭና ትከሻ ክብነቱ ቀርቶ ደረጃ ሠራ።

ጥበብ የሚሸምን ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ድርና ማግ ቀጥና አግድም እንጂ ሰያፍ አይሄድም፤ በነጠላ ጫፍ ላይ የሚታየው ሰያፍ መስመር ሁሉ ጥቂት ክር ወደ ላይ፣ ጥቂት ክር ወደ ጎን እየተባለ በደረጃ የወጣ ነው። ሸማኔው ደረጃውን ጌጥ ያደርገዋል። በሕፃን ጉንጭ ላይ ግን ደረጃን ማን ጌጥ ይለዋል?

የበሽታው ምንጭ ከኪርሽ በፊት በስልክ መሐንዲሶች ዘንድ ታውቆ ነበር። ስዊድን የተወለደው ሃሪ ናይኲስት በ1928፣ በቤል የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ነገሩን በሒሳብ አስቀምጠውታል። የሚለዋወጥን ነገር ናሙና እየወሰዱ ለመያዝ ናሙናው ከፈጣኑ ለውጥ ቢያንስ በእጥፍ መፍጠን አለበት። ካልሆነ የተያዘው ነገር ሌላ መስሎ ይወጣል። በድሮ ፊልሞች የሠረገላ ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ካሜራው በሰከንድ 24 ጊዜ ብቻ ስለሚያይ በመሃል የሆነውን አያውቅም። ጠርዝ ደግሞ ብርሃን በድንገት ወደ ጨለማ የሚገለበጥበት ቦታ ነው። ያንን ያህል ድንገተኛ ለውጥ፣ የነጥቦቹ ፍርግርግ የቱንም ያህል ቢደቅ ሙሉ በሙሉ አይይዘውም። ባለሙያዎቹ ይህን ሌላ መስሎ የመውጣት ችግር አሊያሲንግ አሉት፤ መድኃኒቱንም አንቲ-አሊያሲንግ።

1960ዎቹ መድኃኒት አላመጡም። የአይቢኤሙ ጃክ ብሬዘንሃም በ1965 ያሳተመው ቀመር ኮምፒውተር መስመር ሲስል ለእውነተኛው መስመር ይበልጥ የሚቀርበውን ነጥብ በፍጥነት እየመረጠ እንዲሄድ ያደርጋል። ቀመሩ ዛሬም ይጠቀስለታል፤ መስመሩ ግን ጥርሳም ነው። ፒክስል የሚለው ስያሜ በጽሑፍ ታትሞ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

ጥርሱን ለመደበቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግራጫ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያውቅ ስክሪን ደግሞ ግራጫ ከየት ያመጣል? በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል፣ ሪቻርድ ሹፕ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ256 ቀለማት አንዱን መስጠት የሚችል ሱፐርፔይንት የተባለ የሥዕል ሥርዓት ሠራ። በኤፕሪል 1973 የመጀመሪያው ምስል ሲወጣ ሹፕ ራሱ «ይሠራል፤ እንደ ነገሩ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይታያል። በዚያው ዓመት፣ ጠርዝ ላይ ያሉትን ነጥቦች መካከለኛ ቀለም በመስጠት ደረጃውን ከዓይን መሰወር እንደሚቻል ያሳየ አጭር ጥናት አቀረበ። በሱፐርፔይንት ሥዕል ይሠራ የነበረው አልቪ ሬይ ስሚዝ ብዙም ሳይቆይ ከማዕከሉ ተሰናበተ፤ የዜሮክስ አለቆች ለቢሮ ሥራ ቀለም ምን ያደርጋል ባይ ነበሩ።

ነገሩን ከሥሩ የፈታው ፍራንክ ክሮው ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን በ1976 አጠናቀቀ፤ በ1977 ደግሞ በአንድ ታዋቂ የኮምፒውተር ሙያ መጽሔት ላይ አሳተመው። በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ሦስት ሕመም እንዳለባቸው ዘረዘረ። ጠርዛቸው ደረጃ ይሠራል፤ ትንንሽ ነገሮች በነጥቦች መካከል ወድቀው ይጠፋሉ፤ ዝርዝር የበዛበት ቦታ ይምታታል። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሆን ይብሳል፤ ቀጭን ምሰሶ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሰያፍ መስመር ላይ ያሉት ደረጃዎች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይርመሰመሳሉ። የክሮው መልስ ፒክስልን እንደ ነጥብ ሳይሆን ስፋት እንዳለው መሬት መቁጠር ነው። ጠርዙ የፒክስሉን ሲሶ ከሸፈነ ፒክስሉ የቀለሙን ሲሶ ይውሰድ፤ እርቦ ከሸፈነ እርቦውን።

ያ ድልድል የዘርፉ ሁሉ መሠረት ሆነ። ብዙ ሰው ጠርዝን ማለስለስ ሲባል ምስሉ የጠራ ይመስለዋል። የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ጠርዙ ሆን ተብሎ፣ በልክ ይደበዝዛል። ብልሃቱ ድብዛዜውን የት፣ ምን ያህል ማስቀመጥ እንደሚገባ ማወቁ ላይ ነው። ግራጫውም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በትክክል ከተለካ ስፋት የተሰላ ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ትፈርሳለች።

ከዜሮክስ የተሰናበተው ስሚዝ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ከኤድዊን ካትመል ጋር ይሠራ ነበር። በ1977 ሁለቱ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፒክስል አራተኛ ቁጥር ጨመሩለት። ይህ ቁጥር ቀለም አይናገርም፤ ፒክስሉ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይናገራል። አልፋ ብለው ጠሩት። ጠርዙ ላይ ያለ ፒክስል ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የጀርባው መሆኑን መመዝገብ ስለተቻለ፣ አንዱን ምስል በሌላው ላይ ሲያስቀምጡ ስፌቱ አይታይም።

በ1980 በዚያው በዜሮክስ ማዕከል የነበረው ጆን ዋርኖክ ይህንኑ ለፊደል አደረገው፤ በግራጫ የለሰለሱ ፊደላት በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቻርልስ ጌሽኪ ጋር ሆኖ አዶቤ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ።

ገበያው ግን የእነዚህን ምሁራን ጽሑፍ አልጠበቀም። በፌብሩዋሪ 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች ፎቶ በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ አግድሙን ፎቶ ከቁመቱ ሽፋን ጋር ለማግጠም አንዱን ፒራሚድ ወደ ሌላው አስጠጋው። ሥራው የተሠራው ሳይቴክስ በተባለው የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ ነው፤ ዋጋው ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ብቻ የሚደፍሩት ነበር። ነገሩ ሲታወቅ መጽሔቱ ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ስፌቱ ያማረ ባይሆን ኖሮ ወቀሳውም ባልመጣ።

በ1983 ደግሞ መፍትሔ ካልተጠበቀበት አቅጣጫ መጣ። ጆን የሎት የተባለ ተመራማሪ ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ጦጣ ዓይን አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከዓይን መሃል ራቅ ብሎ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳቱ የተራራቁ ናቸው፤ ስለዚህ ዓይን ራሱ ጥርሳም ምስል ማየት ነበረበት። የማያየው ህዋሳቱ በረድፍ ስላልተሰለፉ ነው። በመካከላቸው ዝቅተኛ ርቀት ጠብቀው፣ ከዚያ ውጪ ግን ያለ ሥርዓት ተበትነዋል። መደበኛ ፍርግርግ የሚፈጥረው ስህተት ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ የተበተነ ናሙና የሚፈጥረው ስህተት ግን እንደ አሸዋ ብናኝ ይሆናል፤ ዓይን ደግሞ ብናኝን ይቅር ይላል። በሉካስፊልም ኩባንያ የነበሩት ሮበርት ኩክ፣ ቶማስ ፖርተርና ሎረን ካርፔንተር ይህን ሐሳብ ይዘው በ1984 ባወጡት ሥራ ናሙናዎቹን በቦታም በጊዜም በተኗቸው። ማሳያ ሥዕላቸው የሚንከባለሉ የፑል ኳሶች ነው፤ ኳሶቹ በእንቅስቃሴ ደብዝዘው፣ ጥላቸው ለስልሶ ሲታይ ከእውነተኛ ፎቶ አይለይም። በ1995 የወጣው ቶይ ስቶሪ የተባለው ፊልም የቆመው ከዚህ ቡድን በወጣ ቴክኖሎጂ ላይ ነው። የሚገርመው፣ ተፈጥሮ መፍትሔውን ቀድማ ይዛ መሐንዲሶቹ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ረድፍ ሲያስተካክሉ መኖራቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው የላቦራቶሪና የፊልም ኩባንያ ነበር። ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ያወረዱት ሚሺጋን ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ፕሮፌሰር ግሌን ኖል ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ነበራቸው፤ ልጃቸው ቶማስ የፎቶን ሥራ የተማረው እዚያ ነው። በ1987 ቶማስ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የገዛው ማክ ፕላስ ኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ እንጂ ግራጫ አያሳይም። ስለዚህ ግራጫ ምስልን በዚያ ስክሪን ለማሳየት የምትረዳ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ወንድሙ ጆን በሉካስፊልም የፊልም ትዕይንት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበርና ፕሮግራሟን ሲያይ በሥራ ቦታው ካሉት ውድ ማሽኖች ጋር አነጻጸራት፤ እንድታድግም ጎተጎተ። ፎቶሾፕ የተባለችው ከጥቂት የስም ለውጥ በኋላ ነው። መጀመሪያ ባርኒስካን የተባለ የስካነር አምራች 200 ያህል ቅጂዎችን ከዕቃው ጋር አከፋፈለ፤ በ1988 አዶቤ ፈቃዱን ወሰደ፤ በፌብሩዋሪ 1990 የመጀመሪያው ፎቶሾፕ ለማክ ተሸጠ። 128 ሺህ ያህል መስመር ኮድ ነበረው፤ አብዛኛው በፓስካል የተጻፈ።

በውስጡ የነበረው ትልቁ ነገር ለስላሳ ምርጫ ነው። እስከዚያ ድረስ በተራው ሰው ኮምፒውተር ከምስል ላይ አንድ ነገር መምረጥ ማለት አብዛኛውን ጊዜ በመቀስ መቁረጥ ነበር፤ ፒክስሉ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም። በፎቶሾፕ ግን ምርጫው ራሱ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ግራጫ ምስል ነው። ፒክስል በከፊል ሊመረጥ ይችላል። ፌዘር የሚለውን ትእዛዝ ከፍቶ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ጠርዙ በስንት ፒክስል ስፋት ቀስ እያለ እንዲሟሟ ይወስናል ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሌየር የሚባለው ንብርብር ሲጨመር የቆረጡትን ነገር ለብቻው አስቀምጦ ጠርዙን ደጋግሞ ማስተካከልም ተቻለ። በዚሁ መሃል፣ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ በ1996 ጊምፕ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ለቀቁት፤ ፎቶሾፕ መግዛት የማይችለውም እዚያው አንቲ-አሊያሲንግና ፌዘርን አገኘ።

ሥራው ቢያምርም ማስቀመጫው ያበላሸው ነበር። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው ጂፍ የተባለው የምስል ዓይነት 256 ቀለም ብቻ ይይዛል፤ በ1989 ሲሻሻል አንዱን ቀለም «ይህ አይታይ» ማለት ተችሏል፤ በከፊል የሚታይ የሚባል ግን የለም። በነጭ ጀርባ ላይ የለሰለሰ አርማ ጥቁር ገጽ ላይ ሲቀመጥ ነጭ ነጩ ግራጫ ዙሪያውን ተጣብቆ ይቀራል። የ1990ዎቹን ድረ ገጾች የሚያስታውስ ሰው ያንን ነጭ ቅርፊት ያስታውሳል። መድኃኒቱ፣ ፒንግ የተባለው የምስል ዓይነት፣ በ1996 ጸደቀ፤ የእነስሚዝን አልፋ በብዙ እርከን ይዟል። ነገር ግን በ2001 የወጣው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ይህን አልፋ በወጉ አያነብም ነበር። አሳላፊው ቦታ ግራጫ ሰሌዳ ሆኖ ይታያል። በ2006 ሰባተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ ዲዛይነሮች መፍትሔው እያለ በጥርሳም ጠርዝ ኖሩ። ከአሥር ዓመት በፊት የተፈታ ችግር በአንድ ፕሮግራም ስንፍና እንዲህ መጓተቱ፣ ዛሬ ሲያስቡት ያስቃልም ያናድዳልም።

ፊደልን በተመለከተ ጉዳዩ ወደኛም ይደርሳል። ማይክሮሶፍት በ1998 ያስተዋወቀው ክሊርታይፕ የኤልሲዲ ስክሪን ፒክስል ጎን ለጎን ከቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረቶች መሠራቱን ተጠቅሞ ሦስቱን ለየብቻ ያዛል፤ የፊደሉ ጎን በዚያው መጠን ይለሰልሳል። በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0፣ የፊደላት የኮምፒውተር ደረጃ፣ የግዕዝን ፊደል አካተተ። ለግዕዝ ማለስለስ ቅንጦት አይደለም። ቢ እና ቤ የሚለያዩት በእግር ላይ ባለች ጭረትና ባለች ቀለበት ነው፤ ፊደሉ ትንሽ ሲሆን ያለ ግራጫ የቀለበቷ ሆድ ይደፈንና አንባቢ ይገምታል። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ በደጋው አጋዘን ስም የተጠራው የግዕዝ ፎንት፣ በዚህ ዘመን የተወለደ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ጠርዝ ጸጉር ነው። አንዲት የጸጉር ዘለላ ከፒክስል ትቀጥናለች፤ ጀርባው በመካከሏ ያልፋል። በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ሙሽሮችን ቆርጦ ፏፏቴ ወይም የአበባ መስክ ላይ መለጠፍ የተለመደ በነበረበት ጊዜ የባለሙያውን እጅ የሚያጋልጠው ጸጉር ነበር፤ ቬሎው ያምራል፣ ፊቱ ያምራል፣ ጸጉሩ ግን የራስ ቁር የተደፋበት ይመስላል። ፎቶሾፕ በ2007 ሪፋይን ኤጅ የሚል መስኮት ጨመረ፤ በ2010 ፕሮግራሙ ራሱ ዘለላዎቹን እየፈለገ ከጀርባው እንዲለይ ተሻሻለ።

በዚያው በ2010 አፕል በአንድ ኢንች 326 ፒክስል ያለው ስክሪን ይዞ አይፎን 4ን አወጣ። የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስ ስልክ በሚያዝበት ርቀት የሰው ዓይን ፒክስሉን ነጥሎ እንደማያይ ተናገረ። የ81 ዓመት አዛውንት የሆነው ኪርሽ ግን በዚሁ ዓመት ወደ አሮጌ ጉዳዩ ተመለሰ። ካሬ ፒክስል መምረጡ ሞኝነት እንደነበረ፣ ዓለምም እስካሁን ፍዳውን እያየ እንደሆነ በይፋ ተናግሮ፣ እንደ ጠርዙ አቅጣጫ በሦስት ማዕዘንና በሌላ ቅርጽ የሚከፈሉ ፒክስሎችን የሚጠቀም ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ገበያ አልገባም፤ በካሬ የተሠራው ዓለም በጣም ገዝፎ ነበር።

የካሜራ አምራቾችም የራሳቸው ድብዛዜ ነበራቸው። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ሴንሰር ፊት ብርሃኑን በጥቂቱ የሚበትን ማጣሪያ ይቀመጥ ነበር፤ ያለዚያ የጨርቅ ሽመናና የጣሪያ ቆርቆሮ የሌለ ቀስተ ደመና ያወጣሉ። ኒኮን በ2012 D800ን እና የማጣሪያው ውጤት የተሻረበትን D800ኢን ጎን ለጎን ሲያቀርብ ሁለተኛው በአሜሪካ ገበያ 300 ዶላር ይበልጥ ነበር። ብዙ ባለሙያ ድብዛዜ እንዲቀርለት በደስታ ከፈለ።

ግራጫውን ከመለካት ይልቅ መገመት የተጀመረው ግን በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በ2009 የኢንቴሉ አሌክሳንደር ረሸቶቭ ያለቀለትን ምስል የሚመረምር ዘዴ አቀረበ። ፕሮግራሙ በምስሉ ላይ የደረጃ ቅርጾችን ይለቅማል፤ «እዚህ ሰያፍ መስመር ነበር» ብሎ ይገምታል፤ በግምቱ መሠረት ግራጫ ያስቀምጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዮሃንስ ኮፕፍና ዳኒ ሊሺንስኪ የድሮ ኔንቴንዶ ጨዋታዎችን ትንንሽ ካሬ ምስሎች ወደ ለስላሳ ኩርባ የሚቀይር ሥራ አሳተሙ። ዓይኑ ሁለት ፒክስል ብቻ የሆነ ገጸ ባሕርይ ሙሉ ዓይን አወጣ። ክሮው ሲሶና እርቦ ያካፈለው በእርግጥ የነበረን ስፋት ነው፤ እዚህ የሚካፈለው ግን የታሰበ ነው።

ከዚያ በኋላ ግምቱ ለተማሩ ማሽኖች ተሰጠ። በጁን 2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 16 በ16 ፒክስል ብቻ ያለውን የፊት ምስል ወደ 1024 በ1024 የሚያሳድግ ፐልስ የተባለ ፕሮግራም አቀረቡ። ሰዎች የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ሰጡት፤ ጥርት ያለ የነጭ ሰው ፊት አወጣላቸው። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ የሰውን ማንነት እንደማያሳውቅ፣ የሌሉ ፊቶችን እንደሚፈጥር ቀድመው ተናግረው ነበር። ምስሉ ግን ከማብራሪያው ቀድሞ ዓለምን ዞረ። በማርች 2021 አዶቤ የፎቶን ቁመትና ወርድ በእጥፍ የሚያሳድግ መሣሪያ ለፎቶሾፕ ተጠቃሚዎች አቀረበ፤ ከአራት ፒክስል ሦስቱ የማሽኑ ግምት ናቸው። በ2023 ደግሞ አንድ የሳምሰንግ ስልክ ተጠቃሚ የጨረቃን ፎቶ አደብዝዞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አስቀመጠ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሩቅ በስልኩ አነሳው። ስልኩ በስክሪኑ ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶችን ጨምሮ አሳመረለት።

በማርች 2024 ጉዳዩ የሲያትል ከተማ በምትገኝበት በአሜሪካው ኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግድያ የተከሰሰ ሰው ጠበቆች በሞባይል የተቀረጸ ቪዲዮን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጥርተውና አለስልሰው ማስረጃ ይሁንልን አሉ። ዐቃቤ ሕግ ያቀረባቸው ባለሙያ የተሻሻለው ምስል ከዋናው 16 እጥፍ ያህል ፒክስል እንዳለውና በዋናው ላይ የሌሉ ቅርጾች እንደገቡበት አስረዱ። ዳኛው፣ ፕሮግራሙ የሚያሳየው የተቀረጸውን ሳይሆን መታየት ነበረበት ብሎ ያሰበውን ነው ብለው ማስረጃውን ሳይቀበሉት ቀሩ።